ጉንጬን የነፋ፣ ጅማቴን የበጠሰ

ሰው በመወፈሩ ጎረቤት ያጣል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። እኛ ቤት መወፈር ደግ ነገር ነው፤ እናቴ የሰውን ጤንነት የምትለካው በጉንጩ ነበር። ለካ ለመወፈርም ጊዜ አለው። እኔ የወፈርኩት በማይወፈርበት ጊዜ ነው። ስኳር በካርድ በሚታደልበት፣ ጤፍ በሰልፍ በሚገኝበት፣ የጉለሌ ወንድ ሁሉ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሚበሳበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ እኔ ጉንጬ ዓይኔን እስኪጋርደው ድረስ ወፈርኩ። ይህም ሳያንስ ሥራዬ ወፍጮ ቤት ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። የሰው እህል ተቀብሎ ወደ ማሽኑ የሚጨምር ሰው፣ አገር ሁሉ ሲከሳ እሱ ብቻ እየተነፋ ቢሄድ ምን ትላላችሁ? ጉንጩ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ያንኑ ነበር የምለው።

ወፍጮ ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የቀበሌ ወፍጮ ነው። ጠዋት ጤፍ፣ ረፋዱ ላይ ሽሮ፣ ከሰዓት በኋላ በርበሬ ይፈጫል። ይህን ሁሉ ለዓመታት ስተነፍሰው ኖሬ፣ አንድ ክረምት ደረቴ ውስጥ ድመት የገባች ይመስል ሲር ሲር ይል ጀመር። አምስት እርምጃ ሄጄ ግድግዳ መደገፍ ሆነ ሥራዬ። ሐኪሙ አዳምጦኝ አስም ነው አለና ትንንሽ ነጭ ክኒኖች አዘዘልኝ። «ለዐሥር ቀን ትውጣለህ። ሲያልቅ ተመለስ» አለኝ።

ወደ ማን እንደምመለስ ግን አልነገረኝም። እኔ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስኩ።

ምን ላድርግ፣ ክኒኑ ተአምረኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድመቷ ወጥታ ሄደች። በሳምንቱ የቁስቋምን ዳገት አንድም ቦታ ሳላርፍ ወጥቼ፣ ማርያምን ተሳልሜ፣ ቁልቁለቱን እያፏጨሁ ወረድኩ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ዐሥር ቀን አለቀ ብዬ ልተወው? የሐኪሙን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አኖርኩት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ መጀመሪያ ያነበው ነበር፤ በኋላ ላይ በሩ ላይ ሲያየኝ ክኒኑን ያወርድልኛል። ዐሥሩ ቀን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሐኪሙ ዘንድ ያልሄድኩት ተው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ጉንጬ መነፋት የጀመረው በሁለተኛው ወር ላይ ነው። ርሀቡም አብሮ መጣ። ምሳዬን በልቼ ሳልነሣ እራቴን አስባለሁ። ግን በእናቴ አጥንት እምልላችኋለሁ፣ የበላሁት የራሴን ንፍሮ ነው። ክንዴና ጭኔ እንደ ድሯቸው ቀጭን ናቸው፤ የወፈረው ፊቴና ሆዴ ብቻ ነው። መስታወት ሳይ የማውቀው ሰው የለም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለራሴ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ፤ አለቃ መስሎኝ።

እንግዲህ ስለ ብቸኝነቴ መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅ አልሰጠንም። የምኖረው አምስት ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከጭቃ ግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ በእድሜ ታላቄ፣ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ በግቢው ደግሞ ያልተሾሙ ዳኛ። ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ በየጠዋቱ ሲያልፉ በሬን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «አደርክ?» ይሉኛል። «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ሲጮህብኝ ውሎ፣ ሰው ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስለ እህል ብቻ ሆኖ፣ «አደርክ» የሚለኝ አንድ ሰው መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ያላጣው ሰው አያውቀውም።

ጉንጬ ሲሞላ መታ መታው ቀረ። መጀመሪያ ረስተው ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሟቸው ይሆናል አልኩና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ደህና ናቸው፤ ስለ እኔ እያወሩ ነው።

ወፍጮ ቤትም እንደዚያው ሆነ። ድሮ እህላቸውን ጥለው ገበያቸውን የሚጨርሱ ሴቶች አሁን ቆመው ዓይኔን ሳይሆን አፌን ይጠብቃሉ። አንዴ አዛጋሁ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «አየሽ፣ በትንፋሹም ይስበዋል» ስትል ሰማኋት። መድኃኒት ነው ብዬ ክኒኑን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁ። ይህን ባላደርገው ይሻለኝ ነበር። ግማሾቹ መድኃኒት ሰውን ያከሳል እንጂ መቼ ያወፍራል ብለው ሳቁብኝ፤ ግማሾቹ ደግሞ አምነውኝ ለከሱ ልጆቻቸው ሁለት ሁለት ፍሬ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። እምቢ ስል ከሌብነቴ ላይ ንፉግነት ተጨመረልኝ።

ሰው ሲርቀኝ እኔ ሰው ወዳለበት መሄድ ጀመርኩ። የማላውቀው ሰው ሲሞት ሁሉ እቀብራለሁ። ለቅሶ ቤት ማንም ማንንም ውጣ አይልም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ደንብ ነው። ባለቀሰው ሰው ሁሉ አብሬ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም ዕንባው የእውነት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ድንኳን ውስጥ እንኳ በግራም በቀኝም አንዳንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ይተውልኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ንፍሮው ሲታደል ሳህኑን በእኔ በኩል ሳያሳልፉ በጀርባዬ ዞሩ።

በዚህ ሁሉ ጉንጬን የወደደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ መኰንን። የአብዮት በዓል ሊደርስ ነውና የቀበሌው ሕዝብ እሑድ እሑድ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሰልፍ ይለማመድ ነበር። ጓድ መኰንን ሰልፈኛውን ከዳር እስከ ዳር እያየ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የቀረው ሰው ሁሉ ጉንጩ የገባ ነው። ወዲያው ከኋላ ጎትቶ አወጣኝና መጀመሪያው ረድፍ መሐል ላይ አቆመኝ። እንዲህ ያለ ፊት ኋላ ተደብቆ መቅረት የለበትም አለ። «ምርት ሞልቶናል» የሚል መፈክርም በሁለት እንጨት አስያዘኝ።

ሕዝቡ መፈክሩን አነበበ፤ ከዚያ እኔን አየ። አንድ ሁለት ሰው ሳሉ። ጓድ መኰንን ብርድ መሰለው።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በግራዬም በቀኜም ሰው አለ። ትከሻዬ የሰው ትከሻ ይነካል። ሊሸሹኝ ቢፈልጉ እንኳ ረድፍ አበላሻችሁ ተብለው ይቀጣሉ። «ግራ፣ ቀኝ» ሲባል ሁላችንም አንድ ላይ እግር እናነሣለን፣ አንድ ላይ እንጥላለን። ከሚስቴ ሞት በኋላ ከሰው ጋር አንድ ላይ ያደረግኩት ነገር ያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሁሉም አብልጬ ረገጥኩ። ጓድ መኰንንም የእኔን እግር አነሣስ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረገው።

ከወር በፊት ጀምሮ ከተረከዜ ከፍ ብሎ ያለው ትልቁ ጅማት ጠዋት ጠዋት ይቆረጥመኝ ነበር። እኔ ጫማዬን ጠረጠርኩ። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ የሚጠረጥረው ነገር ነበረው።

በሦስተኛው እሑድ፣ «ቀኝ» ሲባል ቀኝ እግሬን እስከ ወገቤ አንሥቼ በሙሉ ልቤ መሬት ላይ ጣልኩትና ለሚቀጥለው ስነሣ ከኋላዬ ጧ አለ። ተረከዜን አንድ ነገር መታኝ። በድንጋይ ይሁን በዱላ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ በዚያ ዘመን ያደገ ጆሮ ጧ ሲል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። መፈክሩን ለቅቄ ወደቅሁና ባለኝ አቅም «ተመታሁ» ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ገምቱት። የተኩሱ ዘመን ካለፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ሰው ትምህርቱን አልረሳም። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተኛ። በሦስት እሑድ ልምምድ እንደዚያ ባንድነት የተደረገ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የቻለ በእንብርክኩ፣ ያልቻለ በሆዱ እየተሳበ ወደ ዳር ወደ ባሕር ዛፎቹ ሸሸ። ጓድ መኰንን ከሁሉም ቀድሞ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ገባ። ሜዳው ላይ እኔና መፈክሩ ብቻ ቀረን።

ጭቃው ላይ ተጋድሜ ሰማዩን ሳይ ቁስሉ ሳይሆን ጸጥታው ነው የከበደኝ። እሞታለሁ ብዬ አስቤአለሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ? የፈራሁት ግን ሞቱን አይደለም። ሁለት መቶ የሰፈሬ ሰው እያየኝ፣ አንድም ሰው ሳይጠጋኝ መሞቱን ነው የፈራሁት። እንባዬ በዚያ በተነፋ ጉንጬ ላይ መንገድ አጥቶ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። የማኅበሩን ዩኒፎርም እንደለበሱ፣ በክርናቸው እየተሳቡ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ።

«የት ላይ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እግሬን።»

እግሬን አገላብጠው አዩት። ካልሲዬን ዝቅ አደረጉ፤ መልሰው ከፍ አደረጉ።

«ደሙስ?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ፣ ደም ከሌለ ታዲያ በምን መቱህ?»

ይህን ለመመለስ ስል ራሴን ቀና አድርጌ ተረከዜን አየሁት። እውነትም ጭረት እንኳ የለበትም። ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው ቆሙና ቀሚሳቸውን አራገፉ። እዚያ ሜዳ ላይ ተኩሶ የሚገድለኝ ጠላት ቢኖር ኖሮ የተሻለ ነበር፤ እሳቸው ባዩኝ አስተያየት ግማሽ ሞትኩ።

ጓድ መኰንን ከቦዩ ሲወጣ ተኳሽ ይፈልግ ነበር። እሱ ያን ያህል ጭቃ ውስጥ የተኛው ያለ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ባሕር ዛፎቹ ተፈተሹ፤ የተገኘው ሸሽቶ የተደበቀው ሰልፈኛ ብቻ ነው። ከዚያ እኔን መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቃል ተቀበሉኝ። ማን መታህ ተባልኩ። ማንም አልኩ። ታዲያ ለምን ተመታሁ አልክ ተባልኩ። መስሎኝ ነው አልኩ። የቀበሌው ጸሐፊ «ራሱን በራሱ የተመታ አስመስሎ» ብሎ ጻፈ፤ ይህ እንኳ አደጋ ያመጣበታል ብለው ወይዘሮ ዘነበች ተቆጥተው አሰረዙት። መጨረሻ ላይ «ማንም አልመታኝም፣ ወደፊትም ሳይመቱኝ ተመታሁ አልልም» ብዬ ፈረምኩ። ፈርሜ ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለ። ጣቶቼን መሬት ላይ ገፍቼ መቆም አቃተኝ።

ወለምታ ነው ተባለና ሁለት ሰልፈኞች በትከሻቸው ደግፈው፣ ወይዘሮ ዘነበችም ተከትለው፣ ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ። ወጌሻው አባባ ደስታ የሚባሉ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው ነው የሚያዩት። ተረከዜን ቅቤ ቀብተው ከታች ወደ ላይ እያሹ ሄዱ፣ ሄዱና ቆሙ። አውራ ጣታቸው ገባ። መልሰው ሞከሩ፤ አሁንም ገባ። በሌላው እግሬ ላይ እዚያው ቦታ ላይ ነክተው አመሳከሩ።

«ልጄ፣ እኔ የወለቀ እመልሳለሁ» አሉ። «እዚህ ጋ ግን የነበረው ነገር የለም።»

ወይዘሮ ዘነበች አማተቡ። አባባ ደስታ እጃቸውን ጠርገው ሆስፒታል ሂድ አሉኝ፤ ያሹበትንም ዋጋ አልቀበልም አሉ።

ሆስፒታል ያየችኝ ወጣት ሐኪም ናት። እግሬን ሳትነካ በፊት ፊቴን ነው ያየችው። ጉንጬን፣ ማጅራቴን፣ በክንዴ ላይ ያለውን በትንሽ ነገር የሚበልዘውን ስስ ቆዳ አየች።

«ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

ወረቀቴን ከላስቲኩ አውጥቼ ሰጠኋት። አንብባ ቀኑን አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አየች።

«ዐሥር ቀን ይላል እኮ።»

«ሲያልቅ ተመለስ ስላለኝ...»

«ወደ እሱ እኮ ነው ተመለስ ያለዎት።»

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ክኒኑ ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት መሆኑን፣ ደረትን ቶሎ እንደሚያድን፣ ነገር ግን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን እንደሚያሳብጥ፣ ቆዳን እንደሚያሳሳ፣ ጅማትንም ውስጥ ውስጡን እያደከመ በትንሽ ነገር እንዲበጠስ እንደሚያደርግ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እግሬን የመታኝ የለም፤ ጅማቴ ነው ራሱ ተበጥሶ የጮኸው። አሁን በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ እሷ እየቀነሰች ታስተወኛለች፤ ለአስሜም ሌላ ነገር ትሰጠኛለች። ወፍጮ ቤትም ሁለተኛ እንዳልገባ ደብዳቤ ትጽፋለች።

ወይዘሮ ዘነበች አስታማሚ ሆነው ጥጉ ላይ ቆመው ነበር። ቀረብ አሉና አመልካች ጣታቸውን ጉንጬ ላይ ጫን አድርገው፣ የሊጥ ድርቀት የሚሞክሩ ይመስል ትንሽ አቆይተው አነሡት።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ በሽታ ነው?» አሏት ሐኪሟን።

«እብጠት ነው፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ዘነበች በታክሲ ወደ ቤት መለሱኝ። ቤት ስንደርስም በግቢው መሐል ቆመው፣ አምስቱም በር እንዲሰማ አድርገው፣ ይህ ሰው የሰው እህል እንዳልበላ፣ ፊቱ በሽታ እንጂ ጥጋብ እንዳልሆነ፣ ስላሙትም እሳቸውን ጨምሮ ሁሉም ንስሐ እንዲገባ አወጁ። ኀፍረታቸው ድምፃቸው ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቴ ደስተኛው ወቅት ነው። እግሬ ከጉልበቴ በታች ጣቶቼ ቁልቁል እንደጠቆሙ በጀሶ ታሰረ። አስም ሰው አያየውም፤ ጀሶ ግን ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከበር ጀምሮ ይታያል። የታመመ መጠየቅ ደግሞ በእኛ ሰፈር ቀልድ አይደለም። ከማግሥቱ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። «እግዜር ይማርህ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ብርቱካን ያስቀምጣሉ። ወፍጮ ቤት አፌን ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች መጡ። ለቅሶ ቤት በጀርባዬ የዞሩት ሽማግሌ መጡ፤ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሳቸው ጉልበት አወሩኝ። ጓድ መኰንን እንኳ መጣ፤ ጉንጬ እየጎደለ መሆኑን ሲያይ ትንሽ ቅር አለው። ቦታ ጠቦ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ሦስት ሦስት ሰው ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰው ሆነው እርስ በርሳቸው ሲያወሩ፣ ማንም እኔን ሳያናግረኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ። ሲሄዱ «ደክሞታል» ተባባሉ። አልደከመኝም፤ እንዳያልቅብኝ ነው።

አለቀ ግን። ጀሶው የሚፈታበት ቀን ደረሰና በክራንች ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ክኒኑ በጣም ቀንሷል፤ ፊቴም የድሮ ፊቴ ሆኗል። ጀሶውን ቀድዳ እግሬን አየችው፤ ጣቶቼን ገፋች፣ አስገፋችኝ። ጅማቱ ገጥሟል። ደስ ብሏት ቀና ስትል የእኔን ፊት አየች።

«ያምዎታል እንዴ?»

«የለም» አልኩ። እ... ማለቴ፣ እንዴት ልበላት? «ዶክተር፣ ሌላ ጀሶ ቢደረግልኝ ምን ይመስልሻል? ለአንድ ወር ብቻ።»

«ለምን?»

ክራንቼን ማስተካከል ጀመርኩ። ሐኪሟ ቤት ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። ሰው ሞልቷል አልኳት። ያን ዕለት እውነት ነበር።

ግቢ በእግሬ ስገባ እልልታ ተነሣ። አምስቱም ቤት ወጣ። እስከ ውሃው ቧንቧ ሄጄ እንድመለስ አደረጉኝ፤ ሳላነክስ ተመለስኩ፣ ደግመው እልል አሉ። እየሳቅሁ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ሲስመኝ የመሰናበቻ ሆኖ ይሰማኛል። ከእንግዲህ ወደ እኔ የሚያመጣው ጉዳይ የለውም። በጤናማ ሰው ቤት በሥራ ቀን ማን ይቀመጣል?

በመጨረሻ ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው መሐል ቆሙ። በሰፈሩ የእሳቸው ምርቃት ይደርሳል ይባላል። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እጄን ዘረጋሁ። ለእግሬ ጥናት፣ ለደረቴ ጤና፣ ለእድሜዬ ርዝመት ለመኑልኝ። ከዚያ በእውነተኛ ፍቅር፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ምርቃታቸውን ደመደሙት።

«ከእንግዲህ የሰው ፊት አያሳይህ።»

ግቢው ሁሉ «አሜን» አለ። ከዚያ የእኔን ለመስማት ወደ እኔ ዞሩ። «አሜን» አልኩ።

ደረሰ።